አምስት ሰው ፎቶ የተነሳበት ኮት

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ግድ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ የማፍረው ነገር ብዙ አይደለም።

የምጽፈው አንድ ፎቶግራፍ ስላለኝ ነው። ፎቶው ላይ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ሃያ የማይሞሉ ሣር ቤቶች አሉ፣ በመካከላቸው አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ገደል ሥር አንድ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ዛሬ እዚያ ቦታ ብትወርዱ ሸንበቆና ዝንጀሮ ነው የምታገኙት። በቀደም የልጅ ልጄ ፎቶውን ሳጥኔ ውስጥ አግኝታ፣ “አባባ፣ ይሄ የት ነው?” አለችኝ። ከተማ ነበር አልኳት። ሳቀች። ከተማ ማለት ለሷ ሆሳዕና ነው፤ ባጃጅ የሌለበት ከተማ አይደለም። እንግዲህ ለዚያ ሳቅ መልስ ይሁን ብዬ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። እኔ ሚስት ያላገባሁ፣ ጢሜ ግን ሞልቶ የወጣ ጎረምሳ ነበርኩ። የተወለድኩት ከሞርሲቶ በታች ነው። ከከምባታ ደጋ ወደ ቆላው ሲወርዱ በሚገኝ አንድ ወንዝ ዳር ድንጋይ የሚነድበት ገደል አለ የሚል ወሬ ሰማንና ሥራ ፍለጋ ወረድን። መሐንዲስ ነኝ የሚል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ድንኳን ተክሏል፤ ቆፋሪ ይቀጥራል ተባለ። ድንጋይ ይነዳል ሲሉኝ እኔ ሳቅሁ። ምድጃ የምንሠራው በድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ቢነድማ እናቶቻችን ጉልቻውን ሁሉ አንድደው በጨረሱት።

መሐንዲሱ አልተከራከረም። ከገደሉ ጥቁር ቁራጭ አነሳ፣ ፍም ላይ አደረገው፣ እሱ ሲጋራውን አጭሶ እስኪጨርስ ጠበቅን። መጀመሪያ ጨሰ፤ ጭሱ ክፉ ይሸታል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ቀላ። ከዚያ ድንጋዩ ራሱ ነደደ። አጠገቤ የቆመው ከዶዮገና በኩል የመጣ የከምባታ ልጅ ነበር፤ ረጅም ክንድ ያለው፣ አፉ የማያርፍ። “እንግዲህ ነገ ደግሞ ውሃ ይጋገራል” አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጄን ወደ እሳቱ ዘርግቼ ሙቀቱን እስክሰማው ድረስ አላመንኩም፤ ካመንኩ በኋላም ያን ቀን እህል አልበላልኝም። የረገጥኩት መሬት ሁሉ ሊነድ የሚችል መሰለኝ። መሐንዲሱ የድንጋይ ከሰል ነው የሚባለው አለን። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ጥቁሩ ድንጋይ ነው የምንለው።

ቀዳዳው ውስጥ የምንገባው ስድስት ሰዎች ነበርን። አለቃችን ከሆሳዕና ዙሪያ የመጣ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሃዲያ፣ እስላም፣ ጸሎቱን የማያጓድል። መሬቱን በዶማ ራስ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማና እዚህ ቆፍሩ፣ እዚህ አትንኩ ይላል። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ ከአንጋጫ። አንድ ዝምተኛ ነበር፣ አባቱ ከጉራጌ መጥቶ ሆሳዕና ሱቅ የከፈተ፣ እሱ ከአባቱ ተጣልቶ ዶማ የጨበጠ። ያ ክንደ ረጅሙ ቀልደኛ አለ። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት ይመጣል ይመጣል ይባላል፣ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። አለቃችን አንድ ቀን ጣሪያውን አንጋጦ እያየ፣ እናቴ የቆጮ ጉድጓድ ስትቆፍር ከዚህ ይሻላል፤ እሷ ቢያንስ ኮባ ታለብሰዋለች አለ። ይህን ለመሐንዲሱ ነገርነው። መሐንዲሱ የሚቀጥለው ሳምንት ነው አለ። ያ ሳምንት አልደረሰም።

ከተማዋ ያደገችው በኛ ላይ ነው። ቆፋሪ ሲበዛ ቆጮ የምትሸጥ ሴት መጣች፣ ሻይ የሚያፈላ መጣ፣ ከዚያ አንድ ነጋዴ ቆርቆሮ በበቅሎ አስጭኖ ሱቅ ሠራ። ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። በታንኳ የሚያሻግር ሰው ነበር። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሸንበቆ የነበረው ቦታ ሰው ሰላም የሚባባልበት ሆነ። እኔ ጠዋት ከጎጆዬ ወጥቼ ጭሱን ሳይ፣ እጄ የቆፈረው ጉድጓድ ይህን ሁሉ ሰው ወለደ እል ነበር። ትዕቢት ነው፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ። ሆሳዕና ገበያ ከሰልባጅ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ። ወፍራም ነው፣ አራት የናስ ቁልፍ ነበረው። ከላይ ሁለተኛው ወድቆ ከዋንዛ እንጨት ጠርቤ የሠራሁትን ቁልፍ ተክቼበታለሁ። ቆላ ላይ ኮት የሚለብስ እብድ ይሉኛል፤ አላወልቅም። ሲሞቀኝ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። ጉድጓድ ስገባ ብቻ ነው የማንጠለጥለው፣ እሱም ዓይኔ የሚያየው ቦታ።

አንድ ቅዳሜ ፎቶ አንሺ መጣ፣ ከሆሳዕና በበቅሎ። ባለሦስት እግር ማቆሚያውን ወንዙ ዳር ተከለና ገበያተኛው ከበበው። አምስቱ ባልደረቦቼ መነሳት ፈለጉ። ግን ለፎቶ የሚሆን ልብስ ማን አለው? የሁላችንም ልብስ ጥቁሩ ድንጋይ የጠጣው ነው። ሁሉም ወደ ኮቴ አዩ።

ኮቴ አይዋስም አልኳቸው። አለቃችን በወግ ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩ። ወንድማማቾቹ ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። ያኔ ቀልደኛው ጣልቃ ገባ።

“ተዉት እንጂ” አለ። “ኮቱን ካወለቀ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እናቱም የምትለየው በእንጨት ቁልፉ ነው።”

ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናድጄ ኮቱን አውልቄ ወረወርኩለት። አየህ፣ ያለ ኮትም ሰው ነኝ ለማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ነው አምስቱም በየተራ በኔ ኮት የተነሱት። አለቃችን ደረቱን ነፍቶ፣ ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ ወንድም፣ ዝምተኛው መሬት መሬት እያየ። ቀልደኛው ሲለብሰው እጅጌው ክርኑ ሥር ደረሰ፤ እነዚያ ትልልቅ እጆቹ ከዚያ ወዲያ እንደ አካፋ ተንጠለጠሉ። “ኮቱ የልጅ ነው” አለና እጆቹን ፊት ለፊቱ አነባብሮ ቆመ።

ፎቶ አንሺው አንተስ አለኝ። ፊቴን አውቀዋለሁ፣ አልፈልግም አልኩት። እሱም አንድ ፊልም ስለቀረው በታንኳ ማዶ ተሻግሮ ከተማዋን አነሳት። ፎቶው ላይ ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት አምስት ሰዎች ቆመው ይታያሉ፤ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። ከአምስቱ አንዱ ጠቆር ይላል፤ ኮቴን ገና አላወለቀም። ከዚያም በኋላ ሲቀባበሉት ስለነበር ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ፎቶው ሆሳዕና ሄዶ ይታጠባል ተባለ። ቀኑ ሲደርስ ማን ያምጣ ተባባልን። እሱ ይሂድ አሉ፣ እኔን። ፎቶ አንሺው ነገ ና ቢለው እንኳ የማይንቀሳቀስ ግትር ነው አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ሆሳዕና ስደርስ ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ ጃንሆይ በፍሬም ሆነው ያዩኛል። አልታጠበም፣ ነገ ና አለኝ። ጋሼ፣ እኔ ሳልይዝ አልሄድም ብዬ ከጣራው ሥር ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። የሆሳዕና ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ያን ቀን ግን ሌላ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጀመረ እስከ ማግስቱ አላባራም። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ ቆርቆሮው እርስ በርስ መሰማማት ከለከለን። እኔ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ጥሩ ዝናብ ነው፣ ለእንሰቱ ጥሩ ነው እያልኩ ደስ ብሎኝ አየሁት። ዝናብ አይቶ ደስ የማይለው ገበሬ የለም። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የሆነውን እንድታውቁ ነው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ፎቶዎቹን አወጣልኝ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ቃሉ ይጠፋኛል። አብሬያቸው የበላሁ፣ አብሬያቸው ያደርኩ ሰዎች ናቸው፤ ግን እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። አለቃችን ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው ለካ። ዝምተኛው ሊስቅ ትንሽ ቀርቶታል። ወንድማማቾቹ አንድ ዓይን ነው ያላቸው፣ የአንድ ሰው ዓይን ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ዘወር ብልም ያዩኛል፣ ብመለስም ያዩኛል። እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ ርቀው፣ አሉ። እኔ እሳት የሚሆን ድንጋይ አይቻለሁ፤ ይሄ ግን ከዚያ በለጠብኝ። ፎቶ አንሺው ፈዝዤ መቅረቴን አይቶ የከተማዋን ፎቶ ምርቃት ብሎ ጨመረልኝ። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ በኮቴ የውስጥ ኪስ አስገባሁት።

ስመለስ ከላይ እስከ ታች ውሃ ነው። ሁልጊዜ በድንጋይ ላይ ዘልዬ የማልፈው ጅረት ደረቴ ደረሰ። ሰዎች ቆይ፣ ይጎድላል አሉኝ። አልቆይም አልኩ። መሐሉ ላይ እግሬ ሸሸና ከነኮቴ ተነከርኩ። ማዶ ወጥቼ አንድ ቤት እሳት ዳር ጥቅልሉን ስፈታው ፎቶዎቹ ርሰዋል። አራቱ ሰዎችና ከተማዋ ተላቀቁ፣ ደረቁ፣ ዳኑ። የቀልደኛው ግን ከላይ ነበረ፤ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ስስበው ፊቱ ከወረቀቱ ጋር ሄደ። ከአንገቱ በላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኮቱ አለ፣ ቁልፉ አለ፣ እጆቹ አሉ። ፊት የለም።

መንገዱን ሁሉ የማስበው ይሄን ነው። አሁን ይስቅብኛል፣ ፊቴን የት ጣልከው ይለኛል፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ እያልኩ መልስ ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት። ጥሩ መልስ አግኝቼ ነበር። አሁን ረሳሁት።

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወንዙ የኔ ወንዝ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ይሄዳል። ዝቅ ያሉት ቤቶች የሉም። ቆርቆሮ ቤቱ እስከ መስኮቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ገደሉ ሥር ዓይኔ ቀዳዳውን ፈለገ፤ ቀዳዳ የለም፣ ውሃ ነው ያለው። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል፤ አንድ ደመና የለም። ሰዉ ዳር ላይ ተደርድሮ ቆሟል፣ የሚጮህ የለም። ወንዙ ብቻ ነው የሚናገረው።

የቆርቆሮ ቤቱ ነጋዴ አየኝና መጣ። ትናንት ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ገቡ አለኝ። እዚህ ጠብታ አልጣለም አለኝ። ውሃው በአንድ ጊዜ እንደ ግድግዳ ሆኖ መጣ፤ ከኛ የሮጠ ሮጠ፣ ከውስጥ የወጣ ግን የለም አለኝ። ከዚያ፣ “ይሄ ውሃ ከየት ነው የመጣው?” ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ እንደማውቅ ሁሉ። አውቅ ነበር። ከጣራ ሥር ቁጭ ብዬ ደስ ብሎኝ ያየሁት ዝናብ ነው። እኔ በእግሬ ስመጣ እሱ በወንዙ መጣ፤ ቀደመኝ።

ውሃው እስኪጎድል ሦስት ቀን ጠበቅን። ሲጎድል ገደሉ ራሱ ተንዶ ቁጭ ብሏል፤ የቀዳዳው አፍ የት እንደነበረ እኔ የቆፈርኩት ሰው እንኳ ማሳየት አልቻልኩም። ሰዉ በዶማም በእጁም ቆፈረ፤ በቆፈርን ቁጥር ከላይ ይናዳል። መሐንዲሱ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ድንኳኑን ጠቅልሎ ሄደ። አለቀ።

በኛ አገር ሬሳ ከሌለ ለቅሶ አይጸናም። ለቅሶ ካልጸና ደግሞ እናት ዝም ብላ መንገድ መንገድ ታያለች፣ ሚስት ሚስትም አይደለች መበለትም አይደለች። ሰውነቱ ከጠፋ ሰውነቱን የነካ ነገር ይፈለጋል፤ ልብሱ፣ ጦሩ፣ ዱላው። የነዚህ ሰዎች ልብስ ላያቸው ላይ ነበረ፤ ጎጇቸውን ወንዙ ወስዶታል። የአለቃችን ታላቅ ወንድም ሰዎች ይዞ፣ ቃሬዛ ይዞ ወረደ። የሚሸከመው የለም። እኔ ያለኝ ፎቶዎቹ ናቸው፤ አወጣሁለት። ሰውየው የወንድሙን ፎቶ ሲያይ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

“የወንድሜን ኮት ለምን ለበስከው?” አለኝ።

ኮቱ የኔ ነው አልኩት። ፎቶውን አሳየኝ። የኔ ነው፣ አውሼው ነው አልኩት። አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች ፎቶውን እየተቀባበሉ አዩ፤ ኮቱን አዩ፣ የእንጨት ቁልፉን አዩ። አንዱ፣ ሰው ይዋሻል፣ ይሄ ግን አፍ የለውም በምን ይዋሻል አለ። ያኔ የአንጋጫዎቹ አጎት ደረሰ፤ የልጆቹን ፎቶ አየ፤ እሱም ኮቱን ጠየቀኝ። የዝምተኛው አባት ደረሰ፤ ያ ከልጁ የተጣላ ነጋዴ። ፎቶውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ኮቱ እጁን ዘረጋ፤ ምንም አላለም። እንደ ልጁ ዝምተኛ ነው።

እኔ ደግሞ ደረቅ ነኝ። ፎቶዎቹን ሁሉ ድንጋይ ላይ ደረደርኩና ቁልፏን እዩ አልኳቸው። እዚህም እንጨት፣ እዚህም እንጨት፤ ይህችን የጠረብኳት እኔ ነኝ፤ ታዲያ አንድ ኮት የአምስት ሰው ይሆናል? ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው አዩ። እውነቱ ገባቸው። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይይልኝ፣ በዚያ ሰዓት ክርክር በማሸነፌ ደስ አለኝ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ቀና አለ።

“ኮቱ ያንተ ነው፤ አመንን” አለኝ። “የነካው ሰውነት ግን የነሱ ነው። የነሱን ሰውነት ከነካ ነገር በምድር ላይ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?”

አወለቅሁ። ግን ኮቴን ብቻውን አልሰድም አልኩ፤ እሱ የሚሄድበት እሄዳለሁ። እንዲህ ሆነና ኮቱ ከቤት ቤት እንዲዞር ተፈረደ፣ እኔም ተከትዬው ዞርኩ።

አለቃችን ቤት እንጨት ተተከለ፣ ኮቱን አለበሱት። ሸህየው መጀመሪያ ለሌለ ሰው የሚሰገደውን ሶላት አሰገዱ። ኮቱን ከሩቅ አይተው፣ ይሄ በኪታብ የለም አሉ፤ አፍርሱ ግን አላሉም፤ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ሲወጡ ሴቶቹ ገቡ። የአለቃችን ሚስት ኮቱን ደረቱ ላይ መታችው፤ ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ አለችው፤ እጅጌውን ይዛ ተንበረከከች። እኔ ያ ኮት ከየትኛው የሰልባጅ ክምር እንደወጣ አውቃለሁ። ባለቤቱ ነኝ። ሆኖም እንጨቱ ላይ አለቃችንን አየሁት፤ ትከሻውን እንደሚነፋው ነፍቶ ቆሟል። አንድ ሰው መጥቶ፣ አንተ የኮቱ ጠባቂ ነህ፣ ውሃ ጠጣ አለኝ። እኔም ጠጣሁ። ባለቤቱ ነኝ ብዬ አልተከራከርኩም። ከዚያ በፊት ሳልከራከር የጠጣሁት ውሃ ትዝ አይለኝም።

አንጋጫ ሁለት ለቅሶ በአንድ ቤት ነው። ጠዋት ለታላቁ፣ ከሰዓት ለታናሹ ተባለ። በመሐል ኮቱን አውርደው፣ አራግፈው፣ ሌላ እንጨት ላይ ሰቀሉት፤ ለታናሹ አጠር ያለ እንጨት። ሆሳዕና የዝምተኛው አባት ሱቁን ዘግቶ፣ ኮቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሲመሽ፣ ጨርሰናል፣ ታርቀናል ብሎ መለሰልኝ።

አንድ ቤት ቀረ። ያን ቤት ወደ መጨረሻ የገፋሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ፊት አግኝተዋል፤ ለዚያች እናት ግን የምሰጣት ነጭ ወረቀት ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ፤ ቆይ ውሃው ይጉደል ሲሉኝ ያልቆየሁት። መንገድ ላይ ፎቶውን ልጣለው፣ አልተነሳም ልበላት ብዬ አሰብኩ። በዕድሜዬ ለመዋሸት የተለማመድኩት ያኔ ብቻ ነው። አልመጣልኝም።

ቤቷ ከዶዮገና አለፍ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ ብርድ ነው፣ እንሰቱ ቤቱን ውጦታል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ሴትየዋ ቀጭን፣ ረጅም ነች፤ እጆቿን ሳይ ደነገጥኩ፤ የልጇ እጆች ናቸው። እኔ ከልጇ ከምባትኛ ለምጄ ነበር፤ በዚያው አወራን። እናቴ፣ ፎቶውን ውሃ አበላሸው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩና ሰጠኋት።

ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በጣቷ የነጣውን ቦታ አልነካችም፤ ታች ያሉትን እጆች ነካቻቸው።

“እሱ ነው” አለች። “ይቺ አውራ ጣት በማጭድ የተቆረጠች ጊዜ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።” ከዚያ ኮቱን ከእጄ ተቀበለች፤ አሸተተችው፤ እጅጌውን በስንዝሯ ለካች። “ይሄ ግን የልጄ አይደለም። እዚህ የሚያልቅ እጅጌ አስለብሼው አላውቅም። የማን ነው?”

የኔ ነው አልኳት። ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ በክርኑ ጎሸመኝ፣ ዝም በል ማለቱ ነው። ልጅሽ ተሳልቆብኝ ተናድጄ ነው ያዋስኩት አልኳት። ምን ብሎ ተሳለቀብህ አለችኝ። ነገርኳት፤ እናቱ የምትለየው በቁልፉ ነው አለኝ አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ አላወቅሁም፤ ምናልባት እሷም አላወቀችም። ሰዎቹ እንጨት ሊተክሉ ሲነሱ በእጇ ከለከለቻቸው።

“እንጨት ምን ያደርጋል? ልበሰው” አለችኝ። “ልበሰውና እዚያ ቁም።”

ለበስኩት። ግቢው መሐል ቆምኩ። ቀረብ ብላ እጅጌዎቹን ወደ ላይ ሰበሰበቻቸው፣ እጆቼ በደንብ እንዲወጡ፤ እጆቼንም እንደ ፎቶው አነባብራ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ጀመረች። ስሙን ጠራችው፣ ለኔ። የወለደችበትን ሌሊት ነገረችኝ። ያጠፋውን ሁሉ ዘረዘረችብኝ፤ የሰበረውን ማሰሮ፣ የሳቀባቸውን ሽማግሌዎች። አፍህ ነው የገደለህ፣ በዚያ አፍህ ውሃው ሲመጣ መጮህ አቅቶህ ነው አለችኝ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ጦራቸውን ይዘው በዙሪያዬ ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ፊቴ አቀረቀሩ። እኔ ጀርባዬን ዝንብ ቢነክሰኝ አልነቃነቅም። ግትር ነህ እያሉ የሰደቡኝ ሁሉ ያን ቀን ቢያዩኝ፤ ከረፋድ እስከ ማታ ቆምኩ፤ እግሬ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆነ። ፊቴ ላይ የሚያዩት እኔን እንዳልሆነ ዓይናቸው ይነግረኛል። እኔም ወዴት እንደሄድኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናቡን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር ልላት ፈለግሁ፤ የሞተ ሰው አይናገርም ብዬ ተውኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝም አለች። ድምፅዋ አልቋል። መጣች፤ ጎንበስ ብላ የእንጨት ቁልፏን በጥርሷ ከክሩ በጠሰቻት፣ ጨበጠቻት።

“ይቺ እዚህ ትቅር” አለች። “አንተ ሂድ። ልጄን ሸኝቻለሁ።”

ሄድኩ። ፎቶውንም ቁልፏንም ለሷ ትቼ ኮቴን ለብሼ ወረድኩ። ኮቱ አሁንም አለ፤ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ብል በልቶታል። የልጅ ልጄ ሁለተኛው ቁልፍ የት ሄደ ብላ ሌላ ልትተክልበት መርፌ ይዛ መጥታ ነበር። ተይው፣ አልኳት፤ ቦታው ተይዟል።